ማሽኔ ፊደል አልቆጠረችም

የመቁረጫ ማሽኗን ከካርቶኗ አውጥቼ የሰካሁ ቀን መጀመሪያ የጻፍኩላት «እንኳን ደስ አላችሁ» ነበር። የጓደኛዬ ልጅ ተመርቃ ለመኪናቸው የኋላ መስታወት ስቲከር ልሠራላቸው ነው። ስክሪኑ ላይ ምን መጣ? አሥር ሳጥን። ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። አራት ሳጥን፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሳጥን፣ ክፍት ቦታ፣ አራት ሳጥን። ፊደሎቼን አንድም ሳታጎድል ተቀብላ፣ አንዱንም ማንበብ ሲያቅታት፣ ሁሉንም በየሳጥናቸው ከታ መለሰችልኝ።

ይሄ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። አሁን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ክሪከት የምትባለው የመቁረጫ ማሽኔ እና ቲሸርት ላይ የምጫንበት የሙቀት ማሽን አለኝ። ሌዘር ሲያስፈልገኝ ጋራዡ ውስጥ ማሽን ያለው አንድ ወዳጃችን ጋ እሄዳለሁ። የክርስትና ቲሸርት፣ የሠርግ ሰሌዳ፣ ኬክ ላይ የሚሰካ ስም፣ ስኒ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ፣ የመጣልኝን እሠራለሁ። እንጀራዬ ሌላ ሥራ ነው፣ ይሄ የቅዳሜ ነገር ነው። ግን በሳምንት አንድ ሰው ሳይቀር «አማርኛው ለአንቺ እንዴት ነው የሚገባልሽ?» እያለ ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ የአሥር ደቂቃ ቮይስ ከምልክ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፣ ይቺ ማሽን ፕሪንተር አይደለችም። ቀለም የላትም። ያላት ትንሽ ምላጭ ናት፣ ምላጯ የፊደሉን ዳር ዳር ተከትላ ቫይኒል የሚባለውን ስስ ፕላስቲክ ትቆርጣለች፣ እኛ ደግሞ የማይፈለገውን በመርፌ እየለቀምን እናወጣለን። ሌዘርም እንደዚያው ነው፣ በምላጭ ፋንታ ብርሃን ይቆርጣል ወይም ያቃጥላል። ስለዚህ ማሽኗ ሀ ምን እንደሆነ የማወቅ ግዴታ የለባትም። የምትፈልገው የሀን ዳር ብቻ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ እነዚህ ሶፍትዌሮች የሚወጡ የእንግሊዝኛ ቪዲዮዎችን ስታዩ «ልዩ ፊደል» የሚባል ነገር ላይ ብዙ ሰዓት ይጠፋል። ጭራዋ ተጠቅልሎ ከስሙ ሥር የሚሄድ «ዋይ»፣ ልብ የተንጠለጠለባት «ኤስ»፣ እንዲህ ዓይነቱን ጌጥ ነው የሚሉት። እኔ መጀመሪያ እያየሁ ተበሳጨሁ። እነሱ ስለ ጭራ ይጨነቃሉ፣ እኔ ሀ ራሱ አልወጣልኝም! ለእነዚህ ፕሮግራሞች ከሀ እስከ ፐ ያለው በሙሉ ልዩ ፊደል ነው። ግን በኋላ ሲገባኝ ለጭራው የተገኘው መላ እና ለሀ የሚያስፈልገው መላ አንድ ነው። ያንን ለማወቅ ዓመት ገደማ ፈጀብኝ።

ነገሩን በቤት ቁጥር አስቡት። ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የቤት ቁጥር አለው። ቁጥሩን የሚያድለው ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ነው። የኛ ፊደል ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት ሠሪ ፊደላችንን በላቲን ፊደሎች ቤት በደባልነት ነበር የሚያስገባው። ኮምፒውተሩ የሆነ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው ብሎ የያዘውን ፎንቱ የአማርኛ አድርጎ ይስለዋል። የኛ ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ነው፣ አንድ ቤት አይበቃውም፣ ስለዚህ አንዱን ፎንት ለሁለትና ለሦስት ፋይል ይከፍሉት ነበር። የአንዱ ሠሪ ድልድል ከሌላው አይገጥምም። በዚያ ዘመን ቤት የጻፋችሁትን ደብዳቤ በፍሎፒ ይዛችሁ ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ፣ ሲከፈት የተንጫጫ የላቲን ፊደልና የዶላር ምልክት ሆኖ ያገኛችሁት ካላችሁ ምን እንደምል ይገባችኋል።

አሁን ወደ ጌጠኛው የእንግሊዝኛ ፎንት ልመለስ። ለተጠቀለለ ጭራ ዩኒኮድ ለብቻው ቁጥር አይሰጥም፣ ጭራ ኖረውም አልኖረውም «ዋይ» ያው «ዋይ» ነው። ግን ዩኒኮድ በዋናው ሰፈሩ ውስጥ ለማንም ያልመራቸው 6,400 ባዶ ቤቶች አሉት። «የግል ቀጠና» እንበለው። ፎንት ሠሪዎቹ ጭራውንም ልቡንም አበባውንም እዚያ ያስገባሉ። ማንም አይቆጣጠርም። አንዱ ፎንት ልብ ያስቀመጠበት ቤት ሌላው ፎንት ውስጥ ቅጠል ይኖርበታል፣ በሦስተኛው ውስጥ ቤቱ ባዶ ነው። ሳየው ሳቄ መጣ፣ ይሄ እኮ የኛ የድሮ ፎንት ታሪክ ነው! እኛ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስንሰቃይበት የነበረውን ደባልነት ዛሬ እነሱ ለጌጥ እየከፈሉ ይገዙታል።

ስለዚህ ጌጡን ለመጠቀም የሚደረገው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ካራክተር ማፕ» የሚባለውን፣ ማክ ላይ «ፎንት ቡክ»ን ትከፍታላችሁ፣ ፎንቱን መርጣችሁ ወደ ታች እየወረዳችሁ የፈለጋችሁትን ቅርጽ ኮፒ ታደርጋላችሁ፣ መቁረጫው ሶፍትዌር ላይ ፔስት። ሳጥን ይመጣል። አትደንግጡ። ሳጥኑን መርጣችሁ ያንኑ ፎንት ስትሰጡት ጭራው ብቅ ይላል። ሳጥን ማለት «ቁጥሩ አለኝ፣ በዚህ ፎንት ውስጥ ግን በዚህ ቤት የሚኖር ሰው የለም» ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ሲልዌት የሚባለው የሌላው መቁረጫ ማሽን ሶፍትዌር፣ ሲልዌት ስቱዲዮን፣ የምትጠቀሙ ከሆነ «ዲዛይነር ኢዲሽን» ከሚባለው የሚከፈልበት እትም ጀምሮ የፎንቱን ቅርጾች በሙሉ የሚዘረጋ ሰሌዳ ስላለው ይሄ ሁሉ ልፋት ይቀርላችኋል።

ለአማርኛም ያው ነው። ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፣ ለራሴ እልከዋለሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ኮፒ ፔስት፣ አሥር ሳጥን፣ ከዚያ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት። አለቀ። ያን ቀን ያጣሁት ይሄን አንድ እርምጃ ነበር። ሶፍትዌሩ ራሱ የመረጠልኝ ፎንት አማርኛ ስላልነበረው ነው፣ ሌላ ምንም ችግር አልነበረም። እኔ ግን ማሽኗን ልመልሳት ደረሰኙን ፈልጌ ነበር።

የትኛው ፎንት? ኮምፒውተራችሁ ላይ ቀድሞ ያለ ይኖራል። ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ኒያላ፣ ማክ ላይ ከፋ። ከዚያ ውጪ በነፃ የሚወርዱ አሉ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምይዘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው። ፈረንጆቹ ያንን ሳጥን «ቶፉ» ይሉታል፣ ያ ነጭ የአኩሪ አተር አይብ አራት ማዕዘን ሆኖ ስለሚቆረጥ ነው፣ ጉግል ፎንቱን ኖቶ ያለውም «ቶፉ ይቅር» ለማለት ነው። ጥሩ ነገሩ ከቀጭን እስከ ወፍራም ዘጠኝ ዓይነት ውፍረት አለው። የብራና ጽሕፈት መልክ ሲፈለግ አቢሲኒካ አለ። የሁለቱም ፈቃድ የሠራችሁበትን ዕቃ እንድትሸጡ ይፈቅዳል። ቴሌግራም ላይ በጅምላ የሚለቀቁትን «መቶ የአማርኛ ፎንት» የሚሉ ፋይሎች ተጠንቀቁ፣ የብዙዎቹ ባለቤት አይታወቅም፣ ከመሀላቸውም የድሮዎቹ ደባሎች አሉ። ለይቶ ማወቂያው ቀላል ነው። ከስልክ ያመጣችሁትን አማርኛ ለጥፋችሁ ፎንቱን ስትሰጡት ሳጥን ሆኖ ከቀረ፣ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ስትነካኩ ግን አማርኛ ከወጣ፣ ደባል ነው።

ጌጠኛ የአማርኛ ፎንት ስታገኙ ደግሞ ወዲያው አትመኑት። ኳ አለው? ይሄ የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ሀ ሁ ሂ ን በደንብ ስሎ ኳ፣ ሏ፣ ቧ፣ ሟ ላይ ሲደርስ የደከመው ሠሪ ብዙ ነው። እኛ ደግሞ «እንኳን» የማይልበት በዓል የለንም። አንዳንድ ፕሮግራም በጎደለው ቦታ ሳጥን ስለሚያሳይ ይታወቃል። አንዳንዱ ግን ዝም ብሎ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ይሞላዋል፣ ያኔ «እንኳን» ውስጥ ኳ ብቻዋን ቀጥ ያለች፣ ሌሎቹ የተጠማዘዙ ሆነው ይወጣሉ፣ ስክሪን ላይ ትንሽ ስለሆነ አይታያችሁም፣ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ከበሩ ጀምሮ ይታያል። ስለዚህ አንድ የመፈተኛ መስመር አለኝ፣ አዲስ ፎንት ባወረድኩ ቁጥር እለጥፋታለሁ፦ «እንኳን ኧ ሏ ሟ ቧ ጿ ቨ ፐ ፩ ፲ ፻ ። ፤ ፨»። ይቺን ካለፈ ሌላውን አያቅተውም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። ማሽኗ የምትፈልገው የፊደሉን ዳር ነው ብያለሁ። ታዲያ ፊደሉን ፊደል አድርገን ለምን እንልክላታለን? እኔ አሁን ጽሑፉን መቁረጫው ሶፍትዌር ውስጥ አልጽፍም። ኢንክስኬፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ ፎንቱን እመርጣለሁ፣ ከዚያ «ፓዝ» ከሚለው ዝርዝር «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» እለዋለሁ። በኪቦርድ ሺፍት፣ ኮንትሮል እና ሲ አንድ ላይ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ፊደሉ ፊደል መሆኑ ይቀራል፣ ቅርጽ ይሆናል። ፎንት አይጠይቅም፣ ሳጥን አይሆንም፣ የትም ኮምፒውተር ላይ ቢከፈት ያው ነው። ኤስቪጂ በሚባለው የቅርጽ ፋይል ዓይነት ሴቭ አድርጌ ወደ መቁረጫው አስገባዋለሁ። ለሌዘር ቤት የምልከውም ፋይል እንደዚያው ነው።

አንዴ ይሄን ረስቼ ፋይሉን ከነፊደሉ ልኬ ሌዘሩ ያለው ወዳጄ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስላልነበረ በሌላ ፎንት ተከፍቶ ነበር። ሰውዬው ትግርኛም አማርኛም ስለሚያነብ «ይሄ አንቺ የላክሽው መልክ ነው?» ብሎ ደወለልኝ። ፊደሉን የማያነብ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ሃያ የእንጨት ሳህን ሄዶ ነበር። አንድ ማሳሰቢያ፣ ቅርጽ ካደረጋችሁት በኋላ የፊደል ስህተት ማረም አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ፋይል ያዙ፣ አንዱ የሚታረም፣ አንዱ የሚቆረጥ። በተለይ ስም ሲሆን። «ኃይለ ሥላሴ» በየትኛው ሀ፣ በየትኛው ሰ? ዓለም በዐይኑ ዐ ወይስ በአልፋው አ? እናትየው በአንዱ ትጽፋለች፣ የክርስትናው ካርድ በሌላው። እኔ አልከራከርም፣ «አንዴ በጽሑፍ ላኩልኝ» እላለሁ፣ በስልክ የተነገረኝን ስም አልቆርጥም።

ቁጥር ላይ ደርሰናል፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ሠርግ ላይ የግዕዝ ቁጥር የማይፈልግ ሙሽራ አላጋጠመኝም። ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ሲሆን ያምራል፣ አይካድም። አንድ ጊዜ ለመግቢያው የሚቆም ትልቅ የአክሪሊክ ሰሌዳ ታዘዝኩ። ጽሑፉ በዋትስአፕ ተላከልኝ፣ ስማቸው፣ ቀኑ፣ ከታች «፪፻፲፯ ዓ.ም.»። ኮፒ፣ ፔስት፣ ቅርጽ፣ ቆረጥኩ፣ ለጠፍኩ፣ ኮራሁ። ለማድረስ ቤታቸው ሄድኩ። የሙሽራዋ አያት ቄስ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉና ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ እነዚህ ልጆች የተጋቡት አብርሃ ወአጽብሃ ሳይወለዱ ነው እንዴ?» አሉኝ።

አልገባኝም። «ምን አጠፋሁ አባ?» አልኳቸው። በጣታቸው እያመለከቱ አነበቡልኝ። ፪፻ ሁለት መቶ። ፲፯ አሥራ ሰባት። 217 ዓመተ ምሕረት! ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ማለት ሃያ መቶ ከአሥራ ሰባት ነው፣ ስለዚህ የሚጀምረው በሃያ ነው፦ ፳፻፲፯። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ 2 0 1 7 እያላችሁ አንድ በአንድ አትተኩትም። አሥሩ የራሱ ምልክት አለው፣ ሃያው የራሱ፣ መቶው የራሱ። 1999 ብትፈልጉ አሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ብላችሁ ነው፦ ፲፱፻፺፱። ስህተቱን የላከችው ሙሽራዋ ናት፣ ግን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሌላ ሠርቼ አደርኩ።

ስትጽፉት ደግሞ ስልክ ኪቦርድ ላይ የግዕዝ ቁጥሩ ካልታየ፣ ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ 1369 ብላችሁ ጽፋችሁ አልት እና ኤክስን ስትጫኑ ፩ ይሆናል። 1372 አሥር፣ 1373 ሃያ ነው። የቤት ቁጥሩ መሆኑ ነው ይሄ። ኢንክስኬፕ ውስጥ ደግሞ ጽሑፍ እየጻፋችሁ ሳለ ኮንትሮል እና ዩ፣ ከዚያ ቁጥሩ፣ ከዚያ ኤንተር። አንዴ ፳፻፲ን አውጥታችሁ ማስታወሻ ላይ ካስቀመጣችሁ እስከ ፳፻፲፱ ድረስ መጨረሻውን ብቻ እየቀያየራችሁ ትኖራላችሁ።

ሌላው የቁጥሮቹ ጣጣ ከላይና ከታች ያለችው ሰረዝ ናት። ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሰረዞቹ ተገጣጥመው አንድ ረጅም መስመር ይመስላሉ። ለምላጭ ግን እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ሰረዝ አለው። ትንሽ ከተደራረቡ ምላጯ የተደራረበበትን ቦታ ሁለቴ ትቆርጠዋለች፣ በየመገናኛው ትናንሽ ቁራጭ ይነሳል። ሌዘር ላይ ይብሳል፣ ላይትበርን በሚባለው የሌዘር ሶፍትዌር ላይ የፊደሉን ውስጥ በሙሉ እንዲያቃጥል በሙሌት ስትቀርጹ ሁለት ቅርጽ የተደራረበበት ቦታ ሳይቃጠል ነጭ ሆኖ ይቀራል። መላው «ዌልድ» ማድረግ ነው፣ ማለትም አራቱን ቁጥር ወደ አንድ ቅርጽ ማቅለጥ። ኢንክስኬፕ ላይ «ዩኒየን» ይባላል። ካልተነካኩ ደግሞ መጀመሪያ የፊደሎቹን ርቀት ቀንሱና አስነኳቸው፣ ከዚያ ዌልድ። እኔ አሁን የግዕዝ ቁጥር ሳይ እጄ ራሱ ወደ ዌልድ ይሄዳል።

ኬክ ላይ የሚሰካ ስምም ዌልድ ይፈልጋል፣ ግን በሌላ ምክንያት። የእንግሊዝኛው የእጅ ጽሑፍ ፎንት ፊደሎቹ ተያይዘው ስለሚሄዱ ስሙ አንድ ቁራጭ ሆኖ ይወጣል። የኛ ፊደል እያንዳንዱ በእግሩ የቆመ ነው፣ ከጎረቤቱ አይያያዝም። «ሳሙኤል» ብላችሁ ብትቆርጡ አራት የተለያየ ፊደል በእጃችሁ ይቀራል። ከሥር ቀጭን ዘንግ አስገብታችሁ እግሮቻቸውን ከዘንጉ ጋር ማቅለጥ ነው። አጭር እግር ያላቸው ላይ ትንሽ ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል፣ በዓይን ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ዓይን። የመ ዓይኖች። የወ ዓይኖች። ዐ፣ ፀ፣ ቀ። እንጨት ወይም ካርቶን ላይ ፊደሉን ቆርጣችሁ ብታወጡ፣ ፊደሉ ሲወድቅ በውስጡ የታጠረው ክብም አብሮ ይወድቃል። ከኋላው መብራት የሚበራበት «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰሌዳ ስንሠራ የመ ሁለት ዓይኖች ሌዘሩ ሥር ወድቀው አገኘናቸው፣ ሰሌዳው ላይ የቀረው የተቀደደ ቀዳዳ ነበር። ለዚህ ነው ስቴንስል የሚባሉት ፊደሎች ድልድይ ያላቸው፣ ክቡን ከውጪው ጋር የሚይዝ ቀጭን መንገድ። ለላቲን የተዘጋጁ ስቴንስል ፎንቶች ሞልተዋል። እኔ ለአማርኛ ድልድዩን በእጄ ነው የምሠራው፣ ቀጭን አራት ማዕዘን አስቀምጬ ከፊደሉ ላይ እቀንሰዋለሁ።

ግን ድልድዩን የት እንደምታስቀምጡ ተጠንቀቁ። የኛ ፊደል ላይ ትንሿ ነገር ድምፅ ናት። ኃምሱን ከሣልሱ የሚለየው እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት ናት። ቢ እና ቤን ጎን ለጎን ጽፋችሁ እዩ። ቀለበቷ ከተደፈነች ወይም ከተቆረጠች ቤ ቢ ሆነ ማለት ነው። ይሄን የተማርኩት ደግሞ በሰው ልጅ የአንገት ሐብል ነው። ትንሽ የእንጨት ጌጥ ላይ «ቤተልሔም» ብዬ በሌዘር ቀረጽኩ፣ ፊደሉ ቁመቱ አምስት ሚሊሜትር አይሞላም፣ ወፍራም ፎንት ነው የመረጥኩት፣ ደምቆ እንዲታይ ብዬ። እንጨቱ ሲቃጠል ትንሽ ይሰፋል፣ የቀለበቷ ቀዳዳ ጠፋች፣ «ቢተልሔም» ሆነ። ልጅቷ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትማራለች፣ ጌጡን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው። እንደተጻፈው አነበበችው። እናቷ ሳቀች፣ እኔ ግን ላብ በላብ።

ስለዚህ ወፍራም ፎንት ሁሌ ጥሩ አይደለም። ትልቅ ጽሑፍ ላይ ወፍራም፣ ትንሽ ጽሑፍ ላይ መካከለኛ። ቫይኒል ላይ ደግሞ በጣም ቀጭኑም አይሆንም፣ ስትለቅሙት አብሮ ይነሳል። እኔ ቀለበቷ ከሁለት ሚሊሜትር ካነሰች ወይ ጽሑፉን አተልቃለሁ ወይ ቀዳዳዋን ብቻ መርጬ ከተፈጥሮዋ ትንሽ አሰፋታለሁ። ቅርጽ ስላደረግነው ይቻላል። ፎንት ሠሪው ለወረቀት ነው የሣለው፣ ለምላጭ አልሣለም፣ ቅር አይለውም።

ብረት ላይ በመርፌ ጫፍ መቅረጽ ሌላ ዓለም ነው። ስም በእጅ አምባር ላይ ስትቀርጹ መርፌዋ ያው ዳር ዳሩን ስለምትሄድ ፊደሉ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይወጣል፣ በሁለት መስመር የተከበበ። ለላቲን ባለ አንድ መስመር ፊደሎች አሉ፣ ኢንክስኬፕ ውስጥ «ኸርሺ ቴክስት» የሚባለው አንዱ ነው፣ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ላቦራቶሪ ለማሽን ስዕል የተሠራ ነው። ግሪክ አለው፣ የሩሲያ ፊደል አለው። የኛ የለበትም። እኔ የማደርገው ጽሑፉን በቀጭኑ ኖቶ ጽፌ እንደ ፎቶ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ ኢንክስኬፕ «ሴንተርላይን» በሚለው መንገድ መሐል መሐሉን ይከተልልኛል። መጋጠሚያዎቹ ላይ ይሳሳታል፣ ቀለበቶቹን ያበላሻል፣ እነሱን በብዕሩ በእጄ አስተካክላለሁ። ስም አምስት ስድስት ፊደል ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ነው። ጸሎት አስቀርጹልኝ ለሚሉኝ ግን «አይሆንም» እላለሁ።

ስለ ነጥቦች አንድ ነገር ብዬ ልተው። አራት ነጥብን «::» ብሎ መጻፍ የለመደ ሰው ብዙ ነው። ስልክ ላይ ማን ልብ ይላል። ግን በአርባ ሳንቲሜትር ሰሌዳ ላይ የላቲኑ ነጥብ ከታች ወርዶ፣ ትንሽ ሆኖ፣ ከፊደሉ ጋር ሳይስማማ ይታያል። ትክክለኛውን ። ተጠቀሙ፣ በቃላት መሐል ሁለት ነጥብ የሚወዱ ደንበኞች ካሉም ትክክለኛውን ፡ ። ለጌጥ ደግሞ የራሳችን ፨ እና ፠ አሉ፣ ከተቆረጡ በኋላ ያምራሉ፣ የእንግሊዝኛው ፎንት ልብና ቅጠል ውስጥ ከመዋኘት እነሱን አስቀድሙ። የ፨ ሰባት ነጥቦች በየራሳቸው የሚነሱ ስለሆኑ ማዘዋወሪያው ፕላስቲክ ላይ በደንብ አሹዋቸው፣ አንዷ ከቀረች ስድስት ነጥብ የሚባል ነገር የለንም። የላሊበላን መስቀል ከፎንት ውስጥ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ዩኒኮድ ለእሱ የቤት ቁጥር አልሰጠውም፣ ስለዚህ ተስሎ የተዘጋጀ ኤስቪጂ ፈልጉ ወይም ራሳችሁ ሳሉት።

እና ቲሸርት ስትሠሩ ጽሑፉን በመስታወት መገልበጥ አትርሱ። ይሄ ለሁሉም ቋንቋ ነው፣ ግን የእንግሊዝኛው ሲገለበጥ ማንም ያውቀዋል፣ የአማርኛው ሲገለበጥ አብራችሁ የምትሠራው ፈረንጅ ጓደኛችሁ «ዋው» ብላ ትጫነዋለች። አሥራ አንድ ቲሸርት እንዲህ ሄዶብኝ ነበር።

ያቺ የ217 ዓ.ም. ሰሌዳ አሁንም ከማሽኔ በላይ ተሰቅላለች። ቁጥሯ በደንብ ዌልድ ሆኗል፣ ሰረዙ አንድ ወጥ ነው፣ ሥራዋ እንከን የለውም። ማንበብ የሚችል እንግዳ ቤዝመንት ሲወርድ ቆም ይልና ይስቃል። የማይችለው ደግሞ «ታምራለች፣ ስንት ነው የምትሸጫት?» ይለኛል።